የማለትና የማድረግ ነገር፦ የጄ. ኤል. ኦስቲን ሥራ በቋንቋ ጥናት፣ በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

መግቢያ

የኢትዮጵያ ሕጎች በሚታተሙበት በነጋሪት ጋዜጣ ላይ፣ የአዋጁ መግቢያ ካበቃ በኋላ «የሚከተለው ታውጇል» የሚል ሐረግ ይገኛል። ከጎኑ ያለው የእንግሊዝኛ ዓምድ ይህንኑ ሐረግ በአሁን ጊዜ ያስቀምጥና «በዚህ ጽሑፍ» የሚል ፍቺ ያለውን «ሂርባይ» የተባለ ቃል ይጨምርበታል። አማርኛው ነገሩን እንዳለቀ አድርጎ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው በመፈጸም ላይ እንዳለ አድርጎ ይናገራል። የሁለቱ ዓምዶች ሥራ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ስለ አንድ አዋጅ ወሬ አያወሩም፤ ያውጃሉ እንጂ።

ይህን የመሰለው አነጋገር ከተራው ወሬና ገለጻ በምን እንደሚለይ በሰፊው የመረመረውና ለጥናቱ ስም የሰጠው ጆን ላንግሾ ኦስቲን የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የኦስቲን ሥራ እንዴት እንደ ተጻፈና እንደ ታተመ መግለጽ፤ ሁለተኛ፣ ከፍልስፍና ክፍል ወጥቶ በቋንቋ ጥናት ውስጥ የተጓዘበትን መንገድ መከተል፤ ሦስተኛ፣ የእርሱ መመዘኛ በአማርኛ ላይ ሲሞከር ምን እንደሚገጥመውና የስያሜው ጉዳይ ለእኛ ምን ሥራ እንደሚተውልን ማሳየት ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ሰውየውና መጽሐፉ

ኦስቲን በ1911 በላንካስተር ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የጦር መረጃ ክፍል ሲያገለግል ቆይቶ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ ከ1952 ጀምሮም በዚያው የሥነ ምግባር ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ። በ1960 ሲሞት ገና 48 ዓመቱ ነበር። በሕይወቱ ሳለ ያሳተመው ጥቂት አጫጭር ጥናቶችንና በ1950 የወጣውን፣ የጎትሎብ ፍሬገን «የሒሳብ መሠረቶች» ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰበትን ትርጉም ብቻ ነው። በእርሱ ስም የሚታወቁት ሦስቱ መጻሕፍት ከሞቱ በኋላ በ1961 እና በ1962 ባልደረቦቹ አሰናድተው ያወጧቸው ናቸው። እንግዲህ ይህን ያህል ተጽዕኖ ያሳደረው ደራሲ ራሱ አንድም ሙሉ መጽሐፍ አላሳተመም ማለት ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ የታወቀው፣ ስሙ ሲፈታ «በቃላት እንዴት ነገር እንደሚሠራ» የሚል መልእክት ያለው መጽሐፍ ነው። ይህም በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዊልያም ጄምስ መታሰቢያነት የተሰጡት ንግግሮች ጽሑፍ ነው። ጄ. ኦ. ኧርምሰን ከመምህሩ ማስታወሻ አውጥቶ በ1962 አሳተመው፤ ሁለተኛው እትም በኧርምሰንና በማሪና ስቢሳ አዘጋጅነት በ1975 ወጣ። የርእሱ ዕጣ ለተርጓሚዎች ትምህርት ይሆናል። በ1970 የታተመው የፈረንሳይኛ ትርጉም «ማለት ማድረግ ሲሆን» የሚል ፍቺ ያለው ርእስ ያዘ። በ1972 የወጣው ጀርመንኛ ደግሞ የአነጋገሩን ለዛ ጨርሶ ትቶ «ስለ ንግግር ድርጊቶች ንድፈ ሐሳብ» ብሎ ሰየመው። አንዱ መንፈሱን፣ ሌላው የትምህርቱን ዘርፍ መረጠ። ርእሱን ቃል በቃል የወሰደ ግን ከሁለቱ አንድም የለም።

ሐሳቡ ከኦስቲን በፊት ፈጽሞ ያልታየ አልነበረም። ጀርመናዊው አዶልፍ ራይናኽ በ1913 ስለ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረቶች ባሳተመው ጥናት ቃል መግባትን፣ ማዘዝንና መጠየቅን «ማኅበራዊ ድርጊቶች» ብሎ መርምሯቸዋል። የስላቭ ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ኤርቪን ኮሽሚደር ደግሞ በ1929 ስለ ጊዜና ስለ ግስ ሲጽፍ፣ መናገርና ማድረግ በአንድ ቅጽበት የሚገጣጠሙበትን ሁኔታ ለይቶ ስም ሰጥቶታል። የኮሽሚደር አስተያየት ከሰዋስው መነሣቱን አንባቢ እንዲያስታውስ እንፈልጋለን፤ ወደ አማርኛ ስንመጣ ይጠቅመናልና።

2. የሐሳቡ አካሄድ

ኦስቲን የተነሣው ፈላስፎች ለረዥም ጊዜ ሳይመረምሩ ከተቀበሉት እምነት ነው። በዚያ እምነት መሠረት ሐተታ ሁሉ አንድን ሁኔታ ይገልጻል፤ ስለዚህም እውነት ወይም ሐሰት ነው። ኦስቲን ይህን የሚያፈርሱ ምሳሌዎች አቀረበ። አንድ ሰው ለአዲስ መርከብ ስም ያወጣል፤ ሌላው ሰዓቱን ለወንድሙ ያወርሳል፤ ሦስተኛው ነገ ይዘንባል ብሎ ገንዘብ ያሲዛል። እነዚህ ሰዎች የተናገሩት እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ መጠየቅ አይቻልም። መጠየቅ የሚቻለው ነገሩ ሠምሯል ወይስ አልሠመረም ተብሎ ነው። ስም አውጪው ሥልጣኑ የሌለው ከሆነ ስሙ አይጸናም። ውርርዱን የሚቀበል ከሌለ ውርርድ የለም። ቃል የሚገባው ሰው በልቡ ሊፈጽመው ካላሰበ ግን ቃሉ ተገብቷል፤ ያላግባብ ተገባ እንጂ። በዚህ ዓይነት ኦስቲን ከንቱ ሆኖ የሚቀረውን ንግግር ሥራውን ከሚሠራው፣ ግን በውስጡ እምነት ከጎደለው ንግግር ለይቶ አስቀመጠ።

ቀጥሎም የዚህ ዓይነቱ ንግግር መለያ በሰዋስው ይገኝ እንደሆነ ፈተሸ። ለእንግሊዝኛ ያገኘው መመዘኛ በአንደኛ መደብ ነጠላ፣ በአሁን ጊዜ፣ በአድራጊ ግስ የተነገረ ዓረፍተ ነገር ነው። «እርሱ ቃል ይገባል» ወሬ ነው፤ «ቃል እገባለሁ» ግን ቃል መግባት ነው። ሆኖም ኦስቲን ራሱ መመዘኛው እንደማይበቃ ተገነዘበ፤ ከላይ የጠቀስነው «ሂርባይ» ያለበት የተደራጊ ግስ አንዱ ምክንያት ነበር። በመጨረሻም መነሻ ያደረገውን ክፍፍል አፈረሰው። መናገር፣ መግለጽና ማስረዳትም ራሳቸው ድርጊቶች ናቸውና፣ በማናቸውም ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ አለ፦ ፍቺ ያለው ነገር ማለት፣ ያንን በማለት ውስጥ የሚፈጸመው ድርጊት፣ ከዚያም የተነሣ በሰሚው ላይ የሚደርሰው ውጤት። «በሬው መጣ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ቃል ማስጠንቀቅ ሌላ ነው፤ ሰሚውን ማስደንገጥ ደግሞ ሦስተኛ ነው።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ልዩ ትኩረት የሚያሻው የመጨረሻው ንግግር ነው። ኦስቲን እንዲህ ያሉ ድርጊቶችን የሚሰይሙ ግሶች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ መካከለኛ መዝገበ ቃላት ይዞ ገጽ በገጽ ማለፍን ይመክራል፤ ግምቱም ከአንድ ሺህ በላይና ከዐሥር ሺህ በታች ነው። እነዚህንም በፍርድ፣ በሥልጣን፣ በግዴታ፣ በጠባይና በሐተታ ግሶች በአምስት ክፍል መደባቸው። ስለዚህ መዝገበ ቃላትን የፍልስፍና መሣሪያ ያደረገ ፈላስፋ ነው ብንል አንሳሳትም።

3. ከፍልስፍና ወደ ቋንቋ ጥናት

የኦስቲን ተጽዕኖ በሦስት አቅጣጫ ሄዷል። የመጀመሪያው የማጥራት መንገድ ነው። የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረው ጆን ሰርል በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ የእያንዳንዱን የንግግር ድርጊት ሕግጋት ለመዘርዘር ሞከረ፤ በ1975 ደግሞ የኦስቲንን አምስት ክፍሎች መደበኛ መስፈርት የላቸውም ብሎ በሌላ አምስት ተካቸው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ኦስቲንን ያወቁት በሰርል በኩል በመሆኑ፣ የመምህሩ ጥርጣሬና ቁጥብነት ቀርቶ የተማሪው ሠንጠረዥ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ።

ሁለተኛው የሰዋስው መንገድ ነው። በ1970 ጆን ሮስ፣ ማንኛውም ተራ ሐተታ በጥልቁ መዋቅር «እኔ እነግርሃለሁ» የሚል የተሰወረ ዐረፍተ ነገር በላዩ ተሸክሟል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለጥቂት ዓመታት ብዙ ተከታይ አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ችግሮቹ በዝተው ያ ዐሥር ዓመት ሳያበቃ ተተወ። በፈረንሳይ ኤሚል ቤንቬኒስት በ1963 ኦስቲንን ሲተች፣ ክፍፍሉን ማፍረስ ስሕተት ነው፤ የቋንቋ ተመራማሪ ከቅርጽ መለየት የለበትም ብሎ ተከራከረ። ይኸው ሊቅ ቀደም ብሎ በ1958 ከንግግር የሚወለዱ ግሶች መኖራቸውን አሳይቶ ነበር፤ ለምሳሌ አንድን የሰላምታ ቃል «ማለት» ራሱ ግስ ሲሆን። በኋላ እንደምንመለከተው ይህ ግኝት ለአማርኛ ከማንም ይልቅ ይቀርባል።

ሦስተኛው የማነጻጸር መንገድ ነው። በ1980ዎቹ ሾሻና ብሉም-ኩልካና ባልደረቦቿ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ልመናና ይቅርታ እንዴት እንደሚቀርቡ በአንድ መጠይቅ አጠኑ፤ ውጤቱም በ1989 ታተመ። አና ዊርዝቢትስካ በ1987 የእንግሊዝኛ የንግግር ድርጊት ግሶችን ብቻ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አወጣች። በዚህ ወገን ከተሰነዘሩት ትችቶች ሁሉ የሚከብደው የሚሼል ሮዛልዶ ነው። በፊሊፒንስ የኢሎንጎት ሕዝብ መካከል የኖረችው ይህች ተመራማሪ በ1982 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ፈላስፎቹ ቃል መግባትን የንግግር ድርጊት ሁሉ አብነት ያደረጉት በራሳቸው ኅብረተሰብ ተመርተው ነው፤ ኢሎንጎቶች ዘንድ ግን መሪው ማዘዝ ነው ስትል አስገነዘበች።

ከቋንቋ ጥናት ውጭ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ዣክ ዴሪዳ በ1971 ባደረገው ንግግር ኦስቲንን ሲመረምር ሰርል በ1977 መለሰለት፤ ክርክሩ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲያን መነጋገሪያ ሆነ። ከ1990 ጀምሮ ጁዲት በትለር ሐሳቡን ወደ ጾታ ጥናት ወሰደችው። በኮምፒዩተር ሥራ ዘርፍም ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚላላኩባቸው የመልእክት ዓይነቶች በኦስቲን ቃል ተሰየሙ። ቃሉ ሲሰፋ ፍቺውም ተለወጠ። በዛሬው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ «ፐርፎርማቲቭ» የተባለ ተግባር ብዙ ጊዜ ለታይታ የተደረገ፣ ፍሬ የሌለው ማለት ነው። ኦስቲን ቃሉን ያወጣው ተነግሮ በእርግጥ የሚሠራውን ለመሰየም ነበር፤ ዛሬ የሚሰየምበት ደግሞ ተነግሮ ምንም የማይሠራው ነው። ተርጓሚ ይህን ቃል ባገኘ ቁጥር ጸሐፊው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚጽፍ ሳይጠይቅ ቢያልፍ፣ «የይስሙላ» መባል ያለበትን በክብር ስም፣ በክብር ስም መጠራት ያለበትንም «የይስሙላ» ይለዋል።

4. መመዘኛው በአማርኛ ሲሞከር

አሁን ወደ ኦስቲን ሦስት ምሳሌዎች እንመለስና በአማርኛ እንበላቸው። መርከቧን የሚሰይመው ሰው «ሰይሜያታለሁ» ይላል። ሰዓቱን የሚያወርሰው «አውርሻለሁ» ይላል። የሚወራረደው ግን «እወራረድሃለሁ» ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ አንድ ቅርጽ የነበራቸው ሦስቱ ግሶች በአማርኛ ለሁለት ተከፈሉ። «እሰይማታለሁ» እና «አወርሳለሁ» ብንል ድርጊቱ አይፈጸምም፤ ለወደፊቱ ተስፋ መስጠት ይሆናል። የአውሮፓው መመዘኛ በአማርኛ ላይ ቢጫን ከሹመቱ፣ ከስጦታውና ከፍርዱ ይልቅ ተስፋውን ይመርጥልናል ማለት ነው።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በግእዝ «ወሀብኩከ» የሚለው ቀዳማይ አንቀጽ እየሰጡ የሚናገሩት ቃል ሊሆን ይችላል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ኤፍሮን እርሻውን ለአብርሃም ሲሰጥ የዕብራይስጡ ጽሑፍ ግሱን በኃላፊ ቅርጽ ይዞታል። የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ይህን አጠቃቀም በኮሽሚደር ስያሜ መሠረት መናገርና መፈጸም የተገጣጠሙበት ኃላፊ ብለው ያውቁታል። እንግዲህ ሰዋስዋዊው መንገድ ከፈላስፋው መንገድ ቀድሞ ወደ እኛ ቋንቋ ደርሶ ነበር።

ክፍፍሉ እንዲያው በዘፈቀደ አይመስልም። እንደ ተመለከትነው፣ በቃሉ ነገሩ የሚዘጋባቸው የሥልጣንና የፍርድ ግሶች ወደ ኃላፊው ያዘነብላሉ፦ «ሾሜሃለሁ»፣ «ፈቅጃለሁ»፣ «ገዝቼሃለሁ»፣ «ይቅር ብዬሃለሁ»፣ «ተቀብያለሁ»። በቃሉ ነገሩ የሚከፈትባቸው የግዴታና የጠባይ ግሶች ግን በአብዛኛው በትንቢቱ ቅርጽ ይነገራሉ፦ «ቃል እገባለሁ»፣ «እምላለሁ»፣ «እለምንሃለሁ»፣ «አመሰግናለሁ»። «ቃል ገብቻለሁ» ማለትም ይቻላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተገባን ቃል ማስታወስ ይሆናል። ይህ የጸና ሕግ ሳይሆን ሊመረመር የሚገባው አዝማሚያ ነው። ቢጸና ግን ኦስቲን በፍቺ ብቻ የከፈላቸው ክፍሎች በአማርኛ የግስ ቅርጽ ይመሰክርላቸዋል።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የጽሕፈት ቤት ልማድ ያሳያል። ኃላፊው ማመልከቻው ኅዳግ ላይ «ተፈቅዷል» ብሎ ሲፈርም ፈቃዱን መስጠቱ ነው፤ የተሰጠን ፈቃድ መዘገቡ አይደለም። ከአገር ውጭ የሚኖር ሰው ለዘመዱ በሚልከው ሰነድ «ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ተርጓሚው ይህን በእንግሊዝኛ ባለፈ ጊዜ ቢያስቀምጠው፣ አንባቢው «የተሰጠው መቼ ነው? ያ የቀደመው ሰነድ የታለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በተቃራኒውም የእንግሊዝኛውን የሹመት ደብዳቤ «እሾምሃለሁ» ብሎ የመለሰ ሰው፣ ሹሙን ሹመቱን ሳይሆን ተስፋውን አስይዞ ይሰደዋል። ትክክለኛው አካሄድ የጊዜውን ቅርጽ ሳይሆን ድርጊቱን መተርጎም ነው።

ግስ የሌለባቸው ንግግሮችም አሉ። ከእነዚህ ዋናው «በሕግ አምላክ!» ነው። በአገራችን የቆየ ልማድ መሠረት ይህ ቃል የተነገረበት ሰው ባለበት መቆም ይገባዋል፤ አልፎ ቢሄድ የናቀው ተናጋሪውን ሳይሆን ሕጉን ነው። በቃሉ ውስጥ ግስ የለም፤ አንደኛ መደብ የለም፤ ጊዜም የለም። ሆኖም የሚናገረው ማንም ተራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሥልጣኑን የሚያበድረው ቃሉ ራሱ ነው። ኦስቲን የንግግር ድርጊት የሚሠምረው ተቀባይነት ያለው ልማድ ሲኖር ነው ያለውን የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

5. የመዝገበ ቃላትና የስያሜ ጥያቄ

«አለ» የተባለው ግስ በአማርኛ መናገርንም፣ «ምን ማለት ነው?» እንደምንለው መፍታትንም ይይዛል። በእርሱ ከሚገነቡት ጥምር ግሶች መካከል «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» የሚሉት ንግግር የለባቸውም። «እሺ አለ»፣ «እምቢ አለ»፣ «ይቅር አለ» የሚሉት ግን ድርጊቱን የሚሰይሙት ድርጊቱ በሚፈጸምበት በዚያው ቃል ነው። ቤንቬኒስት ከንግግር የተወለዱ ያላቸው ግሶች እነዚህን ይመስላሉ። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ተራ መደርደር ለአንባቢ ልዩነቱን ይሸፍንበታል።

ሌላም እንቅፋት አለ። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግስን የሚያስገባው በሦስተኛ መደብ ኃላፊ ነው፤ «ገዘተ»፣ «ሾመ»፣ «ማለ» እያለ። ይህ ቅርጽ ሁልጊዜ ወሬ ነው፤ ማንም «ገዘተ» ብሎ ሊገዝት አይችልም። ስለዚህ የንግግር ድርጊት ግሶች ሲፈቱ ሦስት ነገሮች ቢጨመሩ መልካም ነው እንላለን፦ ቃሉ ድርጊት የሚሆንበት ቅርጽ፣ ሊናገረው የሚገባው ሰው ማንነት፣ የሰሚው መቀበል ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ። «አሳመነ»ን ከ«መሰከረ» የሚለየው ይኸው ነው። «እመሰክራለሁ» ያለ ሰው መስክሯል፤ «አሳምኜሃለሁ» ያለ ግን ገና ሰሚውን መጠየቅ አለበት።

ስለ ስያሜው፣ ለኦስቲን ዋና ቃል መጀመሪያ በአሳብ የሚመጣው «አድራጊ» ነው። ይህ ቃል ግን በሰዋስዋችን ከአዕማድ አንዱ ሆኖ ከተደራጊና ከአስደራጊ ጋር ቦታውን ይዟል። «ተደራጊ ግስ ያለው አድራጊ ንግግር» ብንል «ታውጇል» ለሚለው ቃል ትክክል ይሆናል፤ ተማሪውን ግን ግራ ያጋባል። ስለዚህ «ፈጻሚ ንግግር» የሚለውን እናቀርባለን፤ ተቃራኒውንም «ነጋሪ ንግግር» እንለዋለን። ለሦስቱ ደረጃዎች ከላቲን መዋስ አያስፈልግም፤ «ማለት»፣ «ብሎ ማድረግ»፣ «ብሎ ማስደረግ» ይበቃሉ። በሦስተኛው ላይ የአስደራጊው ምዕላድ ውጤቱ በሌላ ሰው ላይ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ንግግሩ እንዲጸና ለሚያስፈልጉት ነገሮች ደግሞ «የሥምረት ሁኔታዎች» ብንል፣ ሠመረ የሚለው ግስ ከእውነትና ከሐሰት የራቀ ስለሆነ የኦስቲንን አሳብ ይጠብቃል።

ማጠቃለያ

የአንድ ፈላስፋ ተጽዕኖ የሚለካው በተጠቀሰበት ብዛት ብቻ አይደለም። የኦስቲን መመዘኛ ለእንግሊዝኛ ተሰፍቶ ነበርና በአማርኛ ላይ ልክ አልሆነም፤ ያነሣው ጥያቄ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ። የራሱን ክፍፍል ራሱ ያፈረሰ ሰው በዚህ ቅር የሚሰኝ አይመስለንም። ለእኛ የቀረው ሥራ ከመጻሕፍቱ ይልቅ በፍርድ ቤቱ፣ በሽምግልናው፣ በምርቃቱና በውሉ ውስጥ ያለውን ቃል መሰብሰብ ነው። ከላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎችም ገና አልጸኑም፤ ስያሜ የሚሠምረው የሚቀበለው ሲያገኝ ነውና፣ አንባብያን የተሻለ ቢኖራቸው እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።